አባቴ አጉድሎት የሄደው ሞተር

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሬን ያንኳኳው ወጣት ገና አፉን ሳይከፍት ሽታው ቀድሞት ገባ፤ ቤንዚን፣ የተቃጠለ ዘይትና በሳሙና ታጥቦ አልለቅ ያለ ግራሶ። እንዲህ ያለ ሽታ ቤቴ ከገባ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ልቆጥር አልሞከርኩም፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ የግንቦት ሙቀት መቁጠርም ያደክማል። ፈታህ እባላለሁ አለኝ። እዚሁ ድሬ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የማሽን ጠጋኝ ነው፤ ከሥራ የተረፈውን ጊዜውን ሁሉ የበላበት ግን ሐርላ አካባቢ ከአንድ ግቢ ያገኘው፣ የጎን ጋሪ ያለው አሮጌ የወታደር ሞተር ሳይክል ነው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ሲዘረጋልኝ ለወጉ መነጽሬን ፍለጋ ተነሳሁ እንጂ ያለ መነጽርም አውቄው ነበር።

«ቲቸር፣ ዕቃውን ተዉት፤ በስልክ ከውጭ አዝዛለሁ፣ በወሩም ቢሆን ይመጣል» አለ። «የቸገረኝ መረጃው ነው። የሸጡልኝ ልጆች አያታችን ጠግነውት ነበር ከማለት ሌላ የሚያውቁት የለም። ሌላውን ገንደ ቆሬ ሰፈር የነበሩትን አስተማሪ ጠይቅ ብለው ላኩኝ።»

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው እምብዛም የለም፤ የሚጠይቀኝ ሲመጣ ደግሞ ስለ ሰው ሳይሆን ስለ ብረት ሆነ። ሻይ አቀረብኩለት፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ፣ ስልኩ ላይ ለመጻፍ አውራ ጣቱን አዘጋጀ። እኔም ድካሜን እያስታመምኩ ጀመርኩለት።

ሞተሩ የአባቴ ነበር። አባቴ የጦር ሠራዊት ሾፌር ሆኖ አገልግሎ ሲሰናበት፣ ያገለገለ ንብረት በሐራጅ ሲሸጥ፣ ሌላው ሰው አልጋና ብርድ ልብስ ሲጫረት እሱ ያንን ሞተር እየገፋ ቤት መጣ ይባላል። እናቴ አስካለ የዚያን ዕለት አኩርፋ ራት እንዳላቀረበችለት፣ በማግስቱ ግን በጎን ጋሪው ተቀምጣ ነጠላዋ በነፋስ እየተውለበለበ የከዚራን ሰፈር ዞራ እንደመጣች፣ ከዚያ ወዲያ በሞተሩ ጉዳይ ኩርፊያ እንዳልነበረ ስትናገር ሰምቻለሁ። ከዚያ ጦርነት ተነሳ፤ የተሰናበቱትም ተመልሰው ተጠሩ። አባቴ ሲሄድ እኔ ሦስት ዓመቴ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ በሁለተኛው አንድ፣ ከዚያ በኋላ ምንም። ሞተ ያለን የለም፤ አለ ያለንም የለም።

ሞተሩ ከግቢያችን ዘይቱን ዛፍ ሥር ቆመ። የደረሰ ዘይቱን በወደቀ ቁጥር የቤንዚን ጋኑን ኳ ያደርገው ነበርና እኔ ከቤት ሆኜ በድምፁ ብቻ ፍሬው መብሰሉን አውቅ ነበር። አረንጓዴ ቀለሙ በፀሐይ እየተቀረፈ ወረደ። እጀታው ላይ እናቴ ያጠበችውን ታሰጣለች፣ ኮርቻው ላይ ድመት ይተኛል፣ የጎን ጋሪውን ደግሞ አንዲት ቀይ ዶሮ ለእንቁላሏ ብላ ወርሳዋለች። የደቻቱ ወንዝ በሞላ ጊዜ ጎርፉ እስከ አጥራችን ስር ይመጣና አሸዋውን ትቶልን ይሄዳል፤ ጎማዎቹ ፈርሰው አልቀው ስለነበር ቸርኬዎቹ ከአሸዋው ጋር አንድ ሆነው ሞተሩ እንደ ዛፉ ሥር ያወጣ ይመስል ነበር።

እናቴ ከልብስ ሳጥኗ ውስጥ በቀይ ፍላኔል የጠቀለለችው አንድ ነገር ነበራት። የጡጫ ያህል ይሆናል፤ ነሐስ ነው፣ አንገትና ጆሮ ያለው፣ ምንነቱ የማይገባ። በየወሩ መጀመሪያ ታወጣውና በደረቅ ጨርቅ ትወለውለዋለች፣ መልሳ ትጠቀልለዋለች። ምንድን ነው ስላት «የአባትሽ አደራ ነው፤ ለሰው እንዳታወሪ» አለችኝ። ሳጥኑ ሲከፈት የሚወጣው ሽታ የሽቶና የቤንዚን ድብልቅ ነበር። የሁሉም ሰው እናት ልብስ እንደዚያ የሚሸት ይመስለኝ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሞላኝ ጎረቤታችን ጋሽ ሙክታር ከምድር ባቡር ጡረታ ወጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በጥገና ቤቱ ቶርኖ ላይ ብረት ሲያሽከረክሩና ሲቀርጹ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከፈረንጆቹ አለቆቻቸው የለቀሟትን፣ «ጥሩ» ማለት የሆነችውን «ቦን» የምትል ቃል በኦሮምኛውም፣ በሶማሊኛውም፣ በአማርኛውም መሀል ጣል የሚያደርጉ፣ ሸማኔ ክር እንደሚዳብስ ብረት የሚዳብሱ። ጡረታ በወጡ በሳምንታቸው የቤታቸውን በር ማጠፊያ ሁሉ ቀየሩ፣ በሁለተኛው ሳምንት የሚስታቸውን የአዴ ዘይነባን የልብስ ስፌት ማሽን ፈተው ገጠሙ፣ በሦስተኛው ሊፈቱት የሚችሉት ነገር አለቀባቸው። አንድ ቀን ጠዋት በአጥራችን ቀዳዳ ሲያዩን ቆይተው በበሩ ዞረው ገቡ።

«አስካለ እህቴ፣ እጄ ሊሞትብኝ ነው» አሉ። «ይሄንን ነገር ስጪኝና ልሥራው። ሰውዬው ሲመጣ ዝገት ይጠብቀዋል እንዴ?»

እናቴ «ይሠራልኝ» አለች።

እኔ ያን ቀን ከደስታዬ የተነሳ አልገባኝም እንጂ፣ ሁለቱ ስለ አንድ ሥራ ተስማምተው ልባቸው ያሰበው ግን ለየብቻ ነበር። ጋሽ ሙክታር የፈለጉት ሞተሩ እንዲነሳ ነው። እናቴ የፈለገችው እንዲያምር ነው፤ አባቴ በር ከፍቶ ሲገባ ታጥቦና ተቀብቶ ቆሞ እንዲያገኘው፣ ከዚያ ግን በእሱ እጅ ብቻ እንዲንቀሳቀስ።

ሥራው ከመጀመሩ መዘግየቱ መጣ። የጎን ጋሪው ውስጥ ቀይዋ ዶሮ ታቅፋ ነበር። እናቴ ዶሮዋን ላንሳት ስትል ጋሽ ሙክታር እጃቸውን ዘርግተው ከለከሏት፤ በምድር ባቡርም ቢሆን ተሳፋሪ ሳይወርድ ፉርጎ አይፈታም አሉ። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ እየመጡ፣ የዶሮዋን ደኅንነት እየጠየቁ፣ ሌላ ሌላውን ቡሎን በጋዝ እየነከሩ ጠበቁ። ጫጩቶቹ ወጥተው በግቢው ሲበተኑ «ቦን!» ብለው ካቻቢቴያቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

ከዚያ ሁለት ዓመት የፈጀ ነገር ተጀመረ። ጠዋት ጠዋት ነው የሚሠሩት፤ ከሰዓት በኋላማ ድሬ በሙቀቱ ስትረታ እሳቸውም የጫት በርጫቸው ላይ ናቸው፣ ማንም አያገኛቸውም። የሚቀረጸውን ከቀድሞ ጓደኞቻቸው ጋር በጥገና ቤቱ ቶርኖ ላይ ቀረጹ፣ የፒስተኑን ቀለበት ከቀፊራ ገበያ ቁራጭ ብረት ሻጮች ለቀሙ፣ የፍሪሲዮኑን ሸራ ከሌላ መኪና ቆርጠው ለኩ። ጎማና ካላማዳሪያ ግን በከተማው አልተገኘም። ጎማውን አንድ ባቡር ነጂ ወዳጃቸው ከጅቡቲ በሎኮሞቲቩ ውስጥ ደብቆ አመጣላቸው፤ ሦስቱን ካላማዳሪያ ያመጣችው ደግሞ የኮንትሮባንድ ነጋዴ ሴት ነበረች፤ በወገቧ ጠምጥማ፣ ሰፊ የድሪያ ቀሚሷን ከላይ ጣል አድርጋ፣ በፈታሾቹ መሀል የስምንት ወር ነፍሰ ጡር መስላ አለፈች። ግቢያችን ገብታ ስትፈታው ጋሽ ሙክታር ፊታቸውን ወደ ዘይቱኑ አዙረው «ወንድ ነው ሴት?» አሏት። እናቴ ስትስቅ ሰማሁ። እናቴ እንዲያ ስትስቅ የሰማሁት በእነዚያ ሁለት ዓመታት ነው፤ ጠዋት ሰው ስለሚመጣባት በጊዜ ተነስታ ፀጉሯን ትሠራ ነበር፣ ለጋሽ ሙክታር ሻይ ታፈላለች፣ አዴ ዘይነባም ባሏን ፍለጋ መጥታ እሷም ትቀመጣለች፣ «ባቡሩ ሲለቀው ይሄ ያዘው» እያለች ታማርራለች፣ ግን አትሄድም። ከዚያ በፊት ቤታችን ዝም ያለ ቤት ነበር።

ሞተሩ ሲጸዳ አንድ ዋና ነገር እንደጎደለው ታወቀ። ጋሽ ሙክታር ከጋኑ የወረደችውን የቤንዚን መስመር በጣታቸው እየተከተሉ ሄደው ባዶ ቦታ ላይ ደረሱ። ሁለት የቡሎን ጉድጓዶች፣ መሀላቸው ክፍት። እናቴን ጠየቋት። እናቴ ሻይ እየቀዳች «እኔ ስለ ብረት ምን አውቃለሁ?» አለች።

ከዚራ ውስጥ በኒም ዛፎች ጥላ ሥር አንዲት ማዳም የምንላቸው የግሪክ መበለት ነበሩ፤ ባላቸው ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ ጋራዥ የነበራቸው። ጋሽ ሙክታር ወሬያቸውን ሰምተው ይዘውኝ ሄዱ፤ እኔን የፈለጉኝ ሥዕል መሣል ስለምችል ነው። የማዳም ቤት ግድግዳ በሙሉ መሳቢያ ነበር። እያንዳንዱ መሳቢያ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ፣ ውስጡ ሟቹ ባላቸው የለዩት ቡሎን፣ ጥርስ፣ ሞላ፣ ካንዴላ። ለዓመታት ማንም አልነካውም፣ ግን አንድ ቅንጣት አቧራ አልነበረበትም። የእኛን ሞተር የሚመለከት ዕቃ አልተገኘም። የተገኘው መጽሐፍ ነው፤ በጣልያንኛ የተጻፈ፣ እያንዳንዱ ብልት ተበታትኖ የተሣለበት፣ ዳር ዳሩ በእርሳስ ጽሑፍ የተሞላ።

ጋሽ ሙክታር ለአንድ ሳምንት ያውሱኝ አሉ። ማዳም መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ይዘው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መጽሐፍ አይወጣም። የእሱ እጅ ጽሑፍ ነው። እናንተ ኑ፣ እዚህ እዩ» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው።

ስለዚህ በየሐሙሱ ጠዋት፣ ትምህርት በሌለበት የክረምት ወራት፣ የማዳም በረንዳ ላይ እየተቀመጥን ስስ ወረቀት ከሥዕሉ ላይ እያነጠፍኩ በእርሳስ ቀዳሁ። ቋንቋውን ማናችንም አናነብም። ማዳም የባላቸውን የእርሳስ ጽሑፍ እያነበቡ «እዚህ ሲል፣ ይሄ ቡሎን በግራ ይፈታል፣ በኃይል አታድርግ» እያሉ ይተረጉሙልናል፤ አንዳንዴ አንብበው አይተረጉሙም፣ ዝም ብለው ገጹን ያያሉ፣ ያኔ ጋሽ ሙክታር ስለ ሙቀቱ ማውራት ይጀምራሉ።

በአራተኛው ሐሙስ ማዳም ገጽ ሲገልጡ ጋሽ ሙክታር ጮኹ። ጣታቸውን ሥዕሉ ላይ አሳረፉ። «ይሄው! ኢንታሎ፣ የጠፋብን ይሄ ነው!» ኢንታሎ ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ልጅት እንደማለት ነው። ካርቡራተሩ ነበር፤ ቤንዚኑን ከአየር ጋር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያጠጣው ክፍል። አንገት ነበረው፣ ጆሮ ነበረው። ከላይ፣ ከጎን፣ ከታች ተሥሏል። እኔ በቀይ ፍላኔል ተጠቅልሎ ነበር የማውቀው።

እርሳሱን ይዤ ቀዳሁት። ከቀዳኋቸው ሁሉ የተዋጣው እሱ ነበር፣ ጋሽ ሙክታርም ለቀፊራ ሰዎች እያሳዩ ልጅቷ እንዴት እንደሣለችው እዩ ይሉ ነበር። ምንም አልተነፈስኩም። ለሰው እንዳታወሪ ተብያለሁ፤ ይህ አንደኛው ምክንያቴ ነው። ሁለተኛውን ለራሴ ያመንኩት ካደግሁ በኋላ ነው፦ ዕቃው ከተገኘ ሥራው ያልቃል፣ ሥራው ካለቀ ጠዋት የሚመጣ ሰው አይኖርም፣ ቤታችንም ወደ ዝምታው ይመለሳል።

እኔ ዝም ባልኩ ጊዜ ጋሽ ሙክታር ሥዕሌን በኪሳቸው ይዘው ሐረር ወጡ፣ ጅግጅጋ ሄዱ። ከውሃ መሳቢያ ሞተር ላይ የፈቱትን ካርቡራተር ሊያስገቡበት ሞከሩ፤ ሞተሩ አንዴ ስሎ እሳት ተፋና የግራ ቅንድባቸውን ላጨው። አዴ ዘይነባ የቀረውን ቅንድብ እኔ ልላጭልህና ይስተካከል ብላ ሳቀችባቸው። እሳቸውም ሳቁ። እኔ ግን ከዘይቱኑ ጀርባ ተደብቄ ቆየሁ።

ከዚያ አንድ ግመል ነጋዴ ጀልዴሳ አካባቢ በአሸዋ ወንዝ ዳር እንዲህ ያለ የወታደር ሞተር ወድቆ አይቻለሁ አላቸው። ጊዜው ሰኔ ነው፤ በዚያ ቆላ ሰኔ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። አዴ ዘይነባ ለመነች፣ እናቴም «ይቅርብኝ፣ ሞተሩም ይቅር» አለቻቸው። ዱቄት በጫነ መኪና ላይ ወጥተው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ሁለት ሰዎች ደግፈው አመጧቸው፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ዓይናቸው ገብቶ፣ ቁመታቸው ያጠረ መስሎ። ከአልጋቸው ሆነው ለእናቴ ሲነግሯት እየሳቁ ነበር፤ ሞተር ተብዬው የቀረው አጥንቱ ብቻ ሆኖ የፍየል በረት መዝጊያ ተደርጎ እንዳገኙት፣ ባለፍየሎቹም ይሄንን ብትወስድ ጅብ ይገባብናል እንዳሏቸው። በዚያው ምሽት ትኩሳቱ ያዛቸው። ሐኪም ቤት ገብተው ወጡ፣ ተመልሰው ገቡ። በሁለተኛው ሳምንት ሰው አልለይ አሉ።

እናቴ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠበች ነበር። ፊቷ ሄጄ ቆምኩ።

«እማዬ፣ ጋሽ ሙክታር የሚፈልጉት ዕቃ እኛ ጋ ነው» አልኳት።

እጇ ከሳሙናው አረፋ አልወጣም። «አውቃለሁ» አለች።

«በእኛ ምክንያት ሊሞቱ ነው።»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!» ጮኸችብኝ። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ሲሄድ በገዛ እጁ ፈትቶ ነው የሰጠኝ። ማንም እንዳይነዳብኝ፣ ስመጣ ራሴ እገጥመዋለሁ አለኝ። ስመጣ አለኝ። ሌላ ያስቀመጠልኝ ነገር የለም። እሱን ከሰጠሁ ምን እየጠበቅኩ ነው የምኖረው?»

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነኝ። እናቴ እጇን በቀሚሷ አደረቀችና ቤት ገባች፤ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ነጠላዋን ለብሳለች፣ ቀዩን ፍላኔል በብብቷ ይዛለች። ተከተልኳት።

ጋሽ ሙክታር ያን ቀን ትኩሳቱ ትንሽ ለቀቅ አድርጓቸው በትራስ ተደግፈው ነበር። እናቴ ጥቅልሉን ጭናቸው ላይ አስቀመጠች። ፈቱት። አገላብጠው አዩት፣ በአውራ ጣታቸው አንገቱን ዳበሱት፣ ቀዳዳውን ወደ መስኮቱ አዙረው ብርሃን አሳዩት። እኔ የሚሰድቡን መስሎኝ ከአዴ ዘይነባ ጀርባ ገብቼአለሁ።

«ወላሂ፣ ምንም ዝገት የለውም» አሉ በመጨረሻ። «ስንት ዓመት ነው የጠበቅሽው?»

«ዘጠኝ።»

እኔ ያልጠበቅሁት ነገር ከዚያ ሆነ፤ ፍላኔሉን በጥንቃቄ መልሰው ጠቀለሉት፣ ልክ እሷ እንደምትጠቀልለው ጫፉን ወደ ውስጥ አጠፉት፣ እና መልሰው እጇ ላይ አኖሩት። «ባለቤቱ ይግጠመው» አሉ። «የእኔ ሥራ አልቋል።» እናቴ እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ አዴ ዘይነባ ደግሞ ከእሷ ብሳ አለቀሰች፣ ባሏን እዚያ አልጋ ላይ የጣለውን ነገር አሁን በዓይኗ አይታው አንዲት ክፉ ቃል ሳይወጣት። ያን ቻይነት ዛሬ ዛሬ ሳስበው ከየት እንዳመጣችው አይገባኝም።

ጋሽ ሙክታር ዳኑ። በክረምቱ መጨረሻ በምርኩዝ እየመጡ ዘይቱኑ ሥር ይቀመጡ ጀመር፣ ግን መፍቻ አልያዙም። ሞተሩ ተቀብቶ ያበራል፣ ጎማው ተነፍቷል፣ ባዶ ቦታው ባዶ ነው። አንድ እሑድ ጠዋት እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሳጥኗን ከፈተችና ጥቅልሉን አምጥታ ሰጠቻቸው።

«ይግጠሙት» አለች።

«አስካለ...»

«ይግጠሙት፣ ጋሽ ሙክታር። ደክሞኛል።»

ገጠሙት። ቤንዚን ጨመሩ። መርገጫውን በደካማ እግራቸው አምስት ጊዜ ረገጡ፣ በስድስተኛው ሞተሩ ተነሳ። ድምፁ እንደዚያ ይሆናል ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ ጫጩት ተበተነ፣ ውሻ ጮኸ፣ የሰፈሩ ሰው በአጥራችን ላይ ተንጠላጠለ፣ አንዳንዱ አጨበጨበ። እኔም ዘለልኩ። እናቴ ግን በሩ ላይ ቆማ ጭሱን እያየች ነበር። ሞተሩ እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ በዝግታ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «በቃ፤ አይመጣም» አለችና መሬት ላይ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፣ ደረቷን መታች።

ማጨብጨቡ ቆመ። በዚያው ቀን የእድሩ ድንኳን ግቢያችን ውስጥ ተተከለ። መርዶ ነጋሪ ሳይመጣ፣ ወረቀት ሳይላክ፣ ሬሳ ሳይኖር፣ ሦስት ቀን ተለቀሰ። ከመጋላ፣ ከሳቢያን፣ ከምድር ባቡር ሰፈር ሰው መጣ፤ ማዳም በጋሪ ፈረስ መጥተው ከሴቶቹ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ፣ እግራቸው ስለማይታጠፍላቸው ወደ ፊት ዘርግተው። ጋሽ ሙክታር ሦስቱንም ቀን ከድንኳኑ በር አልተነሱም፤ እንደ ወንድም ሆነው ለቀስተኛ ተቀበሉ። ሞተሩን ሰው አንስቶ ከአጥሩ ጀርባ አቁሞታል።

ከሐዘኑ በኋላ እናቴ ሞተሩን ለጋሽ ሙክታር ሰጠች። እሳቸውም አዴ ዘይነባን በጎን ጋሪው ጥላ አስይዘው እየጫኑ በከተማው ይዞሩ ነበር፤ እሷም በየመንታ መንገዱ ሁሉ ቀስ በል እያለች ትቆጣለች። ማዳም ከጥቂት ዓመት በኋላ አለፉ፤ መሳቢያዎቹን ማን እንደወሰዳቸው አላውቅም፣ ቤታቸው ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆሟል። ጋሽ ሙክታርም ሄዱ፣ አዴ ዘይነባም ተከተለቻቸው፣ ልጆቻቸው ሞተሩን ወደ ሐርላ ወሰዱት። የቀድሞው ባቡር ቆመ፤ አዲሱ ከከተማው ርቆ ነው የሚያልፈው፣ ፉጨቱ ገንደ ቆሬ አይደርስም። እናቴ ከዚያ ሐዘን በኋላ ሃያ ሦስት ዓመት ኖረች። ጤነኛ ነበረች፣ ሥራዋን ትሠራለች፣ ጎረቤት ትጠይቃለች። ሳጥኗን ግን ዳግመኛ ስትከፍት የሽቶ ሽታ ብቻ ነበረው፣ ጠዋትም በጊዜ አትነሳም። እውነቱን በመናገሬ ጋሽ ሙክታርን አዳንኩ እል ነበር በልጅነቴ። ሲመሽብኝ ግን እናቴ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስጣልኳት እኔ እንደሆንኩ አስባለሁ፤ ሁለቱም እውነት ናቸው፣ ሁለቱንም ተሸክሞ መኖር ደግሞ ያለፋል።

ፈታህ ይህንን ሁሉ በስልኩ አልጻፈም። የጻፈው የሚጠቅመውን ነው፦ ከአረንጓዴው ቀለም ሥር አሸዋ መሳይ ሌላ ቀለም እንዳለ፣ የትኛው ቡሎን በግራ እንደሚፈታ፣ የፍሪሲዮኑ ገመድ በየት በኩል እንደሚዞር፣ የኋላው ቸርኬ የመጀመሪያው እንዳልሆነ። ሁሉንም ሳልደናቀፍ ነገርኩት። ወረቀት አውጥቼ ካርቡራተሩን ከሦስት አቅጣጫ ሣልኩለት፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እጄ አንዲት መስመር አልሳተም። ልጁ በአድናቆት ራሱን ይዞ «ቲቸር፣ እርስዎ ኢንተርኔቱን ይበልጣሉ» አለኝ። ሳቅሁ።

ሊሄድ ተነስቶ ጫማውን እያሰረ፣ ለጨዋታ ያህል፣ «ለመሆኑ አባትዎ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» ብሎ ጠየቀኝ።

አፌን ከፈትኩ። ረጅም ይሁን አጭር፣ ቁጡ ይሁን ዝምተኛ፣ ሲያቅፈኝ ምን ይለኝ እንደነበር፣ እናቴን ምን ብሎ ይጠራት እንደነበር ፈለግሁ። በሦስት ዓመት ልጅ ዓይን ያየሁት ነገር አንድም አልመጣም። የሚያውቁት እናቴና ጎረቤቱ ጋሽ ሙክታር ነበሩ፤ ከሁለቱም ጋር ዓመታት ቁጭ ብዬ ያልጠየቅኋቸው የሞተር ብልት የለም። ስለ ሰውየው ግን፣ እሷን እንዳላስለቅሳት እየፈራሁ፣ ነገ እጠይቃለሁ እያልኩ፣ አንድ ቀን አልጠየቅሁም። ሁለቱም ይዘውት ሄዱ።

«አላውቅም» አልኩት።

ፈታህ ያልሰማሁት መስሎት ጥያቄውን ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመልኝ። እኔም መልሴን ደገምኩለት።